መንደሪን ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ የኔን ያህል የመንደሪን ምላስ ያለው ሰው አልተወለደም። ዓይኔን ጨፍኜ አንዲት ፍልቃቂ አፌ ውስጥ ብታደርጉልኝ የመቂ ይሁን የዝዋይ፣ ከዛፉ በምሥራቅ በኩል ይሁን በምዕራብ የተንጠለጠለ፣ ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የከረመ መሆኑን ሳይቀር እናገራለሁ። ይህን ስናገር ኖሬ ኖሬ፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት የምሠራበት የፍራፍሬ ላብራቶሪ ልጆች በሽኝቴ ላይ ዓይኔን በፎጣ አሰሩና አንድ ብርጭቆ አስጨበጡኝ። ቀመስኩ። ትንሽ አሰብ አደረግኩ፣ ለወጉ ያህል።

«የዝዋይ ነው» አልኩ። «ከሐይቁ ዳር። በምሥራቅ በኩል የነበረ። ከተለቀመ ትንሽ ሰንብቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፎጣውን ሲፈቱልኝ ጠረጴዛው ላይ የቆመው በየሱቁ የሚሸጥ የብርቱካን ለስላሳ ነበር፤ እንኳን መንደሪን፣ የመንደሪን ጥላ ያላለፈበት።

እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤ ከነገ ጀምሮ የሚረፍድበት ነገር ለሌለው ሰው። ላብራቶሪው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዕድሜዬ ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ስለነበር «አብረህ ሂድ ወይም በጊዜ ጡረታ ውጣ» ተባልኩ። አዳማን ትቼ የትም አልሄድም ብዬ ጡረታውን መረጥኩ። አዳማ ውስጥ ማን እንዳለኝ ግን ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። ባለቤቴ በላይነሽ ልጃችን ስትወልድ አራስ ልትጠብቅ ሐዋሳ ወርዳለች። ሕፃኑ አድጎ ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እሷ ግን እስካሁን አራስ እየጠበቀች ነው። ስደውልላት «መጣሁ፣ መጣሁ» ትለኛለች። እኔም «በይ ነይ» እላለሁ። ሁለታችንም ይህን ንግግር በቃላችን ይዘነዋል።

የጎረቤቴ ልጆች የጁስ ቤት ባለቤት የነበርኩ ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም። ሥራዬ የፍሬን የውስጥ ሕይወት መመርመር ነበር ብላችሁ ማን ያምናችኋል? መንደሪን ግን እውነትም የውስጥ ሕይወት አለው። ልጣጩን አንስታችሁ አንዷን ፍልቃቂ ብትከፍቷት በትንንሽ የጭማቂ ከረጢቶች የተሞላች ናት። ዛፉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይልክላታል፤ እሷ ከዚያ ላይ ከፊሉን ወደ አሲድ ለውጣ በየከረጢቱ ትቆልፈዋለች። ለዚህ ነው ለጋው መንደሪን ጥርስ የሚያጠርሰው። እየቆየ ሲሄድ ፍሬው ያንን አሲድ እየተነፈሰ ያቃጥለዋል፣ ስኳሩም ይጨምራል፣ እኛም ጣፈጠ እንላለን። አሲዱን የምንለካው ጭማቂውን አጥልለን፣ ጠቋሚ ፈሳሽ ጠብ አድርገን፣ ከቀጭን የመስታወት ቧንቧ ኮስቲክ ሶዳ በመጨመር ነው። ጭማቂው ድንገት ሮዝ ይሆንና ሮዝነቱ አልጠፋ ሲል እጅ መቆም አለበት። አንድ ጠብታ ካመለጠ ቀለሙ የሠርግ አዳራሽ መጋረጃ ይመስላል፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። እኔ በወጣትነቴ የደፋሁት ጭማቂ ዝዋይ ሐይቅን አንድ ስንዝር ከፍ ሳያደርገው አልቀረም።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚያው ዝዋይ ነበር። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለዓሣ ይበቃል፤ የቀረውን የሕይወት ክፍል ቅጽ በመሙላት እናሳልፈው ነበር። አለቃዬ ከሙዝ ሌላ ፍራፍሬ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ነበሩ። መንደሪኑ ደርሷል ብዬ ስጽፍ መስኮት ከፍተው ዛፉን ያዩና ወረቀቱን ይመልሱልኛል።

«አረንጓዴ ነው እኮ ደምሴ።»

«በስሏል ጌታዬ፤ ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ የኔን ዓይን ማን ይለካው?»

ሰውዬው እንደመሰላቸው ተናገሩ እንጂ ችግሩ የሳቸው ብቻ አልነበረም። የመንደሪን ልጣጭ አረንጓዴነቱን የሚለቀው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ነው። በኛ ቆላ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ላብ ስለሚያጠምቅ ፍሬው ውስጡ ማር ሆኖ ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ገዢ ደግሞ በዓይኑ ነው የሚቀምሰው። ከዝዋይ በኋላ ዱከም አንድ ጭማቂ ፋብሪካ ገባሁ፤ እዚያ ሁሉም ነገር በርሜል ስለሆነ ልጣጩ ምንም ይምሰል የሚጠይቅ የለም። አንዲት ፍሬ ለይቶ የሚያይ ሰውም የለም። ሰለቸኝና አዳማ ወደሚገኘው የፍራፍሬ ላብራቶሪ ተዛወርኩ። ዶክተር ስንዱን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ዶክተር ስንዱ የላብራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲቆጡም ሲደሰቱም ድምፃቸው የማይለወጥ ሴት። የተለቀመ ፍሬ በሳጥን ሲወረወር ካዩ «ቀስ፤ አልሞተም እኮ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፍሬ ከዛፉ ከተለየም በኋላ ይተነፍሳል። ይህንን የምንለካው ፍሬዎቹን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዘግተን የሚያወጡትን የተቃጠለ አየር በመሣሪያ በማየት ነው። አንድ ቀን፣ በላይነሽ ሐዋሳ ከወረደች በኋላ ነው፣ ዕቃውን ዘግቼ ስጠብቅ፣ «ዶክተር፣ እኔም ማታ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን እንዲሁ ነው የምተነፍሰው፤ ለምን አይለኩኝም?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ሙቀት ላይ ነው ያለኸው። ቶሎ ታልቃለህ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እሳቸውም ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ምሳ ሰዓት ሁለታችን በሁለት ጠረጴዛ ላይ እንበላ ነበር፤ መሃላችን ላይ መንደሪን የሞላ ሳሕን አለ። እሳቸው ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ ጥምዝምዝ ፈትል አንድ ላይ ያወርዱታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የልጣጩን ቁራጭ ሻማው ጎን አጥፈው ይጫኑታል። ከልጣጩ የሚፈናጠረው ዘይት እሳቱ ውስጥ ሲገባ ብልጭ ብልጭ ይላል። በዚያች ሰዓት ብቻ ፊታቸው ላይ ልጅነት አይቼባቸዋለሁ።

ያ ዘይት ነው ጉዱ ሁሉ። መንደሪን ልጣጭ ላይ የምታዩዋቸው ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው የዘይት ጎተራ ናቸው። ዶክተር ስንዱ ለቀማ ሲኖር ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመው ከቦርሳቸው ሶፍት ያወጣሉ። ሶፍቱን ዛፉ ላይ ባለው ፍሬ ላይ ያደርጉና በአውራ ጣታቸው ጫን ይሉታል። ሶፍቱ ላይ የዘይት ጠብታ ካዩ ለቀማ የለም። ለቃሚው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ትጠነክራለች፣ እሳቸው በየጊዜው ሌላ ሶፍት ያወጣሉ።

«ዶክተር፣ አናታችን ሊበሳ ነው» ይላሉ ለቃሚዎቹ።

«ባርኔጣ አድርጉ።»

«ሽንኩርት እኮ ጎህ ሲቀድ ነው የምንለቅመው።»

«ሽንኩርት ስለሆነ ነው።»

በቆላ ሀገር ሥራን ከፀሐይ በፊት መጨረስ ሕግ ነው። ለዚህ ነው ሴትየዋን ሁሉም በልቡ የሚረግማት። እኔም፣ ሳይንሱን ማወቄ ሳይሆን ከለቃሚዎቹ ጋር መሳቄ ይበልጥብኝ ስለነበር፣ የዶክተርን የሶፍት አያያዝ እያስመሰልኩ አስቃቸው ነበር።

ኦቦ ገመቹን ያወቅኋቸው በዚህ መሃል ነው። መቂና ዝዋይ መካከል፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ በገዛ እጃቸው የተከሉት የመንደሪን ማሳ ነበራቸው። የውሃ ፓምፕ ቀበቶ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ከአንጓው ቆርጦታል፤ ሰላም ሲሉኝ የጎደለችው ትሰማኛለች። ዙሪያቸውን ያለው መሬት ሁሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ሆኖ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጆቻቸው ዛፎቹን ነቅለን ሽንኩርት እንትከል ካሉ ቆይተዋል። መጨረሻ ላይ ተስማሙ፤ የዚያ ዓመቱ ምርት ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴ ከተሸጠ ዛፎቹ ይቀራሉ፣ ካልተሸጠ ይነቀላሉ። ኦቦ ገመቹ ይህንን ላብራቶሪያችን ድረስ መጥተው ነገሩን።

«ደምሴ ኮ፣ እኔ ዛፍ እንጂ ሽንኩርት ማናገር አላውቅም» አሉኝ፤ «ደምሴ ኮ» ደምሴዬ እንደ ማለት ነው። «ሽንኩርት ሦስት ወር ቆይቶ ይሄዳል። እንግዳ ነው።»

ዶክተር ስንዱ ጉዳዩን ያዙት። ፍሬው ይለቀማል፤ አዳማ አምጥተን የጋዝ ክፍላችን ውስጥ እናስገባዋለን፤ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ዓይነት ጋዝ እየለቀቅን ልጣጩን ብርቱካንማ እናደርገዋለን፤ ነጋዴው ከሞጆ መጥቶ ያየዋል። ጋዙ ላዩን እንጂ ውስጡን አይለውጥም። ሙዝ ተቆርጦም ይበስላል፣ መንደሪን ግን ከዛፉ በወረደበት ጣዕም ይቀራል፤ የኦቦ ገመቹ ፍሬ ደግሞ ዛፉ ላይ ጣፍጦ ያለቀለት ነበር። የቀረው ቀለም ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ ዶክተር ስንዱ ታመሙና ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። «በሶፍቱ» አሉኝ ሲወጡ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ለቀማው ዕለት ጎህ ሳይቀድ ማሳው ደረስኩ። ከሐይቁ የመጣ ጤዛ ቅጠሉ ሁሉ ላይ ተኝቷል። ለቃሚዎቹ እኔን ሲያዩ ደስታቸው ሌላ ነበር።

«ዛሬስ ሰው የሆነ አለቃ መጣልን» አለ አንዱ። «እስቲ ሳንጠበስ እንልቀም፣ ጋሼ።»

ፍሬ ላይ ሶፍት አድርጌ ጫንኩ። ረጠበ። ጤዛ ነው አልኩ። የራሴ ምክንያትም ነበረኝ፣ ያውም ከሙያው የተቀዳ። የቀዘቀዘ ፍሬ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ በብርዱ መልቀም ፍሬውን መጥቀም ነው። ለኦቦ ገመቹ ይህንኑ እንደ ሊቅ አስረዳኋቸው። አመኑኝ። እጀታቸውን ሰብስበው እሳቸውም መልቀም ጀመሩ፤ እኔም ቅርጫት ያዝኩ። እየዘፈንን ነው የለቀምነው። ፀሐይ ጠንከር ሳትል ጨርሰን መኪናው ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የተወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የጋዝ ክፍሉ በተከፈተበት ቀን ነጋዴው ትራንዚተሩን አቶ ፍቅሩን ላከ። አቶ ፍቅሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያስጭን፣ ከሦስት ስልክ ባነሰ የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር። ኦቦ ገመቹም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመቂ መጥተዋል። በሩን ከፈትኩት። የመንደሪን ሽታ ፊታችንን መታን፣ ሳጥኖቹም ብርቱካንማ ሆነው አበሩ። ከዚያ ጠጋ አልን።

እያንዳንዱ ፍሬ ላይ አረንጓዴ ምልክት ነበር። በአንድ በኩል አንድ ክብ፣ በሌላው በኩል ሦስት አራት ተከታታይ ክቦች። የሰው እጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ እንደ ፊኛ ተወጥሮ ስለሚያድር ጣት ገና ሲይዘው የዘይት ጎተራዎቹ ይፈነዳሉ። ዘይቱ ለአፍንጫ ሽቶ ነው፣ ለልጣጩ ግን ቃጠሎ ነው። የተቃጠለው ቦታ የዚያኑ ዕለት አይታይም፤ ጋዝ ሲነካው ግን ሌላው ሁሉ ሲቀላ እሱ አረንጓዴውን ይዞ ይቀራል። ሶፍቴን ያረጠበው ጤዛ ብቻ አልነበረም።

አቶ ፍቅሩ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «ወንድሜ» አለኝ፣ «ይሄን ወደ ውጭ ልላከው ወይስ ለፖሊስ አሻራ ምርመራ?»

ስልኩ ጮኸ፤ እያነጋገረ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ኦቦ ገመቹ ከሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብለው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። አንዱን አነሱና በቀኝ እጃቸው ያዙት። አውራ ጣታቸው በአንዱ ክብ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች በሌሎቹ ላይ ልክክ አሉ። የሌባ ጣቱ ቦታ ባዶ ነበር፣ ፍሬው ላይም በእጃቸውም።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«እጅዎ አይደለም ኦቦ፤ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን የኔ ጣት ወጣ?»

ዘይቱን፣ ውጥረቱን፣ ጋዙን፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት፤ ተማሪ ቢሆኑ ፈተና ያልፉ ነበር። ስጨርስ ፍሬውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው «ገለቶማ» ብለውኝ ወጡ። አመሰገኑኝ ማለት ነው። ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

ዶክተር ስንዱ ሲመለሱ ገርጥተው፣ ከበፊቱም ቀጥነው ነበር። አንዱን ፍሬ እንደ ልማዳቸው ልጣጩን ሳይበጥሱ አወረዱትና ቀመሱ።

«ውስጡ ምንም አልሆነም» አሉ።

«ይስደቡኝ እንጂ ዶክተር።»

«ምን ብዬ? የቀዘቀዘ ፍሬ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል ብለህ ነው። ልክ ነህ።» ሌላ ፍልቃቂ በሉ። «ሙሉ በሙሉ የሚሳሳት ሰው ቀላል ነው፣ ይመከራል። አንተ በግማሽ ልክ ነህ።»

ሳጥኖቹን አዳማ መናኸሪያ ወስደን ለተሳፋሪ አደልን። ሰው አሻራውን አላየም፤ ልጦ በላ፣ እጁን ላሰ፣ «የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ለሐረር ተሳፋሪዎች «የቅዱሳን እጅ የነካው ነው» እያልኩ ነበር የማድለው። ዶክተር ስንዱ ከሳጥኑ ጀርባ ቆመው ነበር፤ አልሳቁም። ወደ ቤት ስንመለስ «ዛፎቹ ከመነቀላቸው በፊት ቅርንጫፍ ቆርጠህ አምጣ፤ እናዳቅለዋለን» አሉኝ።

ደረስኩ፣ ግን ለጥቂት ነው። ትራክተሩ ከማሳው አንድ ጥግ ጀምሮ ነበር። ኦቦ ገመቹ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አልወጡም፤ ቅርንጫፉን ያቀበለኝ ልጃቸው ነው። ዶክተር ስንዱ በኮምጣጣ ብርቱካን ችግኞች ላይ አዳቀሉት። ሕመሙ ስላደከማቸው ክሩን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ከችግኞቹ አንዱ ብቻ ያዘ። ከዚያ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ኩየራ እህታቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። ከቀብራቸው ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት መንደሪን ስትልጥ ልጣጩን በጣጥሳ በመስኮት ወረወረችው። ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ያዘ ያልኳችሁ ችግኝ አሁን አዳማ በምኖርበት ግቢ፣ ከላዩ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ነው። ከዚያ ማሳ ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ኦቦ ገመቹ ይህንን ያውቃሉ። አርጅተዋል፤ ከቤት ብዙም አይወጡም፤ ሽንኩርቱ በልጆቻቸው እጅ ነው። በየጊዜው ይደውሉልኛል።

«አካም ጅርታ፣ ደምሴ ኮ። አፈራ?»

«ገና ነው ኦቦ።»

«አንድ ትበቃኛለች። ሳጥን አላልኩህም። አንድ ልቅመስና ልሂድ።»

«የት ሊሄዱ? እርስዎ እኔን ቀብረው ነው የሚሄዱት።»

«ምን ይሆን የያዘው?»

«የአዳማ ሙቀት ነው» እላቸዋለሁ። «ሙቀቱ አስቸገረው።»

ዛፉ ግን ምንም አልተቸገረም። ቅጠሉ ተንዠርጎ ግማሽ አዳማን ያጠላል ብል ያጋነንኩት በጥቂቱ ነው። አበባ ብቻ የለውም። ምክንያቱን የማያውቅ ጀማሪ ቴክኒሻን የለም። ደጋ ላይ መንደሪንን አበባ የሚያስወጣው ብርድ ነው። ብርድ በሌለበት ቆላ ያንን ሥራ የሚሠራው ጥም ነው፤ ዛፉ ለሳምንታት ውሃ አጥቶ ቅጠሉ ጠውልጎ መጨነቅ አለበት፣ ከዚያ ውሃ ሲያገኝ በአበባ ይፈነዳል። ሁልጊዜ የሚጠጣ ዛፍ ቅጠል እያወጣ ተመችቶት ይኖራል፣ ፍሬ ትዝም አይለው።

ዘንድሮ ላስጠማው ቆርጬ ነበር። ቱቦውን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ። ጠዋት ተነስቼ ወደ ግቢው ወጣሁና የማደርገው ጠፋኝ። ቆምኩ። ተቀመጥኩ። በላይነሽ ጋር ደወልኩ፤ «መጣሁ» አለች። ጥቂት ቀን እንዲሁ ሆነ። ቅጠሎቹ መጠቅለል ጀመሩ፤ ይህ በትክክል የሚፈለገው ነገር ነው፣ ለተማሪ ባስተምር በእንጨት እየጠቆምኩ «እሰይ፣ ይኸው» የምለው። እኔ ግን ባልዲ ሞልቼ አፈሰስኩበት። በማግስቱም እንዲሁ።

ሙቀቱ አይደለም። ዛፉ የማያፈራው እኔ በየቀኑ ስለማጠጣው ነው፤ በየቀኑ የማጠጣውም ጠዋት ተነስቼ እንደምን አደርክ የምለው ሌላ ስለሌለኝ ነው። ኦቦ ገመቹ አንዲት ፍሬ ይጠብቃሉ። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም አጠጥቼዋለሁ።